የአዲስ አበባ ካፌ ከዚራ ሲገባ ኪራዩን የሚከፍለው ማን ነው?

የድሬዳዋ መሀል ሰፈር በሆነችው ከዚራ ላይ አንድ ሱቅ በላሜራ ሲታጠር ወሬው ከግንበኛው ይቀድማል። «ባንክ ነው» ይላል አንዱ። «ኧረ ያ አዲስ አበባ ያለው ካፌ ነው አሉ» ይላል ሌላው። ባንክ ከሆነ ወሬው እዚያው ያበቃል፤ ባንክ ለምደናል። ካፌ ከሆነ ግን ክርክር ነው። ግማሹ «አቦ፣ እኛስ ከማን እናንሳለን!» ብሎ ይደሰታል። ግማሹ ደግሞ «የሰፈራችን ቤቶች አለቀላቸው» ብሎ ይቆዝማል።

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ምግብ ነው። የማን ማኪያቶ ይጣፍጣል፣ የማን በርገር ይሻላል፣ ፉሉን ማን ይተዋል። በእኔ እይታ ጣዕሙ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የሚከብደው ቤቱ ነው። ማን አከራየ፣ በስንት አከራየ፣ ከጎኑ ያለው ተከራይስ በሚቀጥለው ዓመት ምን ይባላል? ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ድሬ ራሷ ለእንግዳው የምታዘጋጀውን ፈተና እንይ። ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ማን ሊመጣ እንደሚችል እናጥራ። ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤት ሲባል የአሜሪካ ስም የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ሕጉ ግን ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 ምግብ ቤትን፣ ሻይ ቤትን፣ ካፌንና ባርን ለአገር ውስጥ ባለሀብት ከልሏል። ለውጭ ሰው የተተወው በር ኮከብ የተሰጠው የአገር ባህል ምግብ ቤት ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የጅምላና የችርቻሮ ንግዱን ለውጭ ባለሀብት ሲከፍት ምግብ ቤቱም አብሮ የተከፈተ የመሰለው ሰው አለ። የተከፈተው የዕቃ ንግዱ ነው።

ስለዚህ የውጭ ስም የሚገባው በአገር ውስጥ ኩባንያ በኩል ነው። ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲከፈት የከፈተው በላይአብ የሚባል የኢትዮጵያ ኩባንያ ነበር። እንዲህ ያለ ኩባንያ ስሙን፣ ሎጎውንና የአሠራር መመሪያውን በውል ይወስዳል። በምላሹ ከሽያጩ ድርሻ ይከፍላል። በዓለም ላይ ድርሻው ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 በመቶ ነው። ልብ በሉ፣ ከትርፉ አይደለም፤ ከጠቅላላ ሽያጩ ነው። ቢከስርም ይከፍላል ማለት ነው። ባለስሙ የሚፈልገው ደግሞ ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የበርገር ዋጋ በዚያ ፍጥነት መውጣት አይችልም፤ በላተኛው ይሸሻል።

በዚህ ሂሳብ ድሬ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ የሆነው የአዲስ አበባ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 እንደተመሠረተው ቶሞካ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2004 እንደተጀመረው ካልዲስ ያለ ቤት ማለቴ ነው። አንድ ዓይነት ስኒ፣ አንድ ዓይነት ሜኑ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ይዞ ከሰፈር ሰፈር የሚባዛ። እነዚህ ሊከፍቱ ነው አላልኩም፤ ዓይነቱን ለማሳየት ነው።

ድሬ ለእንግዳ ምግብ አዲስ አይደለችም። ከተማዋን የወለዳት ራሱ ኩባንያ ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበር ተሳፋሪው ድሬ ያድር ነበር። የሚያድር ሰው ራት ይበላል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ የየመን ዓረቡና ሕንዱ ባቡሩን ተከትለው መጡ፤ እያንዳንዱም ድስቱን ይዞ ነው የመጣው። ዛሬ የድሬ ምግብ የምንለው ፉል፣ ፈጢራ፣ ሳምቡሳ፣ ሙሸበክ፣ ፓስታ፣ ሩዝ በሥጋ አብዛኛው በዚያ በር የገባ ነው። «የውጭ ምግብ ባህላችንን ሊያጠፋ ነው» የሚለው ስጋት ሌላ ከተማ ላይ ያስኬድ ይሆናል። እዚህ ግን ማን ይሰማዋል?

የተለወጠው መንገደኛው ነው። የድሮው ባቡር ሰውን ከዚራ ደጃፍ ላይ ያወርደው ነበር። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ተሳፋሪው ወርዶ ባጃጅ ወይም መኪና ይፈልጋል እንጂ ሻንጣውን ይዞ ከዛፍ ሥር አይቀመጥም። ስለዚህ ዛሬ ከዚራ ላይ ካፌ የሚከፍት ሰው ደንበኛው የቢሮ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ነጋዴውና ማታ ማታ ነፋስ ሊቀበል የሚወጣው ቤተሰብ ነው። በአጭሩ የከተማው ሰው ነው። የከተማው ሰው ደግሞ የራሱ ሕግ አለው።

ከባዱ ሕግ ቢላው ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834 ነዋሪ ነበራት። ከዚህ ውስጥ 70.8 በመቶው ሙስሊም፣ 25.7 በመቶው ኦርቶዶክስ ነው። ቁጥሩ ዛሬ አድጓል፤ ጉዳዩ ግን ያው ነው። አገራችን ውስጥ ሙስሊሙ የሙስሊም፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያን እርድ ነው የሚበላው። ሥጋ ቤቶቻችን ላይ አንዱ ጨረቃ፣ ሌላው መስቀል የሚስለው ለጌጥ አይደለም። ሠርግ ላይ እንኳ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ድስት እናዘጋጃለን፤ ማንም ቅር አይለውም።

አሁን አንድ ዓይነት አሠራር ያለውን ቤት እዚህ ላይ አስቀምጡት። ጥንካሬው ሁሉ ሥጋውን ከአንድ አቅራቢ፣ በአንድ መጠን፣ በአንድ ዋጋ ከማምጣቱ የሚመጣ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ያዋጣዋል። ድሬ ላይ ሲመጣ አስተናጋጁ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሥጋው የማን ነው?» ተብሎ ነው። ዋጋው ቀጥሎ ነው። ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት ማቀዝቀዣ ቢያደርግ ወጪው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። የሙስሊም እርድ ብቻ ቢያደርግ አብዛኛውን ደንበኛ ያገኛል፤ ግን ሳይጠይቅ የሚበላው ክርስቲያን ምን ያህል ነው፣ ጠይቆ የሚነሳውስ? ይህን ሂሳብ ከአዲስ አበባ ቢሮ ሆኖ የሚሠራው ሰው ይሳሳታል። እኔ ብሆን መጀመሪያ በርገሩን ትቼ በኬክ፣ በቡና፣ በጁስና በአሳ እጀምር ነበር። እነዚህን የሚጠይቅ የለም።

ጾሙም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባ ካፌዎች የጾሙን ነገር ተክነውበታል። ረቡዕ፣ ዓርብና 55 ቀን የዐቢይ ጾም ሲመጣ የጾም ኬኩና የጾም ሳንድዊቹ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ረመዳን ላይ ግን ልምዳቸው ቀጭን ነው። ድሬ ውስጥ ረመዳን ቀኑን ይገለብጠዋል። ጠዋት ሻሂ የሚፈላበት ቤት ጸጥ ይላል። ከመግሪብ በኋላ ግን ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው ይቀርብና ከተማው እስከ እኩለ ሌሊት ይነቃል። ወሩ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ዘንድሮ የሠራህበት ዕቅድ ለከርሞ አይሆንም። በጠዋት ሽያጭ የሚተዳደር ቅርንጫፍ ይህን ወር እንደ ኪሳራ ይጽፈዋል። የድሬን ሌሊት የገባው ቤት ደግሞ የዓመቱን ትርፍ እዚህ ሊያገኝ ይችላል።

ከረመዳን ውጭም ቢሆን ሰዓታችን የራሱ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን የሱቁ መዝጊያ እየተንኳኳ ይወርዳል። ሰው ምሳውን በጊዜ ጠንከር አድርጎ ይበላል። ከዚያ የአወዳይ ጫት ይገባል፤ የሚቅመው ባርጫው (የመቃሚያው ቁጭታ) ላይ ይቀመጣል፤ የማይቅመው ይተኛል። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ከዚራ ላይ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ነው የሚሄደው። ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ባርጫ ላይ ያለ ሰው ውኃ፣ ለስላሳና ኦቾሎኒ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። አዲስ አበባ ላይ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የማኪያቶ ሰዓት ነው። እዚህ ሠራተኛውን ደመወዝ እየከፈልክ፣ ኤሲውን እያስጮህክ ባዶ ወንበር የምትጠብቅበት ሰዓት ነው።

ነገር ግን ኤሲውን አትናቁት። እንዲያውም ዋናው ሸቀጥ እሱ ሊሆን ይችላል። በ9 ሰዓት ቀዝቃዛ ክፍል፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ስልክ የሚሞላበት ሶኬትና የማያባርር አስተናጋጅ የሚያቀርብ ቤት ጫት የማይቅመውን ሁሉ ይሰበስባል። ተማሪው፣ ላፕቶፕ የያዘው፣ ልጅ ያቀፈችው እናት ይመጣሉ። ከሁሉም በላይ ሴቶች። ብዙዎቹ የድሮ ሻሂ ቤቶቻችን የወንድ ቤት ናቸው፤ እንነጋገር ከተባለ። ሦስት ጓደኛሞች ማንም ሳያፈጥባቸው ሁለት ሰዓት ተቀምጠው የሚያወሩበት ቤት ከዚራ ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። «ባህላችን» ብሎ የሚከራከረው ወንድሜ ይህን አያነሳም።

ስለ ውኃው ካላነሳሁ ደግሞ የድሬ ሰው ይታዘበኛል። የከተማችን የጉድጓድ ውኃ ከባድ ነው፤ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው የሚወጣው። የማንኛችንም ቤት ማንቆርቆሪያ ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። በጥፍር ስትፍቀው እንደ እንቁላል ቅርፊት ይነሳል። ያው ቅርፊት የኤስፕሬሶ ማሽን ቦይለር ውስጥ ይጋገራል። ቧንቧውን ያጠባል፣ ማሞቂያውን ያቃጥላል። የከዚራ ነባር ካፌዎች ይህን ያውቃሉ፤ ማጣሪያ ያስገባሉ፣ ቅርፊቱን በአሲድ የሚያጥብ ሰው በስልክ ይጠራሉ። ባለ ብዙ ቅርንጫፉ ቤት ጠጋኙ አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 515 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህ 515 ኪሎ ሜትር ሌላም ነገር ይወስናል። የእንዲህ ያለ ቤት ልብ ማዕከላዊ ወጥ ቤቱ ነው። ዳቦው፣ ክሬሙ፣ ሶሱ አንድ ቦታ ተሠርቶ ለሁሉም ቅርንጫፍ ይጫናል። ከቦሌ ሳር ቤት በቫን ማድረስ አንድ ነገር ነው። የክሬም ኬክ ጭኖ አዋሽን፣ ጭሮን፣ ቁልቢን አልፎ ደንገጎ ላይ ወደ ሙቀቱ ቁልቁል መውረድ ሌላ ነው። መኪናው ማቀዝቀዣ ካለው ነዳጁ ይበላዋል፤ ከሌለው ኬኩ ሾርባ ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ሜኑውን ይቀንሳል፣ ወይ እዚሁ ድሬ ወጥ ቤት ያቋቁማል።

ከተማው ሊጠይቀው የሚገባው ይህንን ነው። ወጥ ቤቱ እዚህ ከሆነ አትክልቱ ከሐረርጌ ደጋ፣ ወተቱ ከሐረማያ አካባቢ፣ ማንጎው፣ ፓፓያውና ዘይቱናው ከዙሪያችን ይገዛል። ዳቦ ጋጋሪውም ኬክ ሠሪውም እዚህ ይቀጠራል። ሁሉም ነገር በካርቶን ከአዲስ አበባ ከመጣ ግን የሚቀርልን የአስተናጋጅ ደመወዝና የኪራይ ገንዘብ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለም የተቀባ ካፌ ነው፤ ለከተማው ግን ሁለት የተለያየ ንግድ ነው።

ቡናው ላይ ነገሩ ጭራሽ ያስቃል። ድሬ ለረጅም ጊዜ የሐረርጌ ቡና እየተለቀመና እየተበጠረ ወደ ውጭ የሚላክባት ከተማ ናት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ ከስታርባክስ ጋር ያደረገችው ሙግት በ2007 በስምምነት አብቅቷል። ስሙ እስከዚያ ድረስ ያስከብራል ማለት ነው። እዚህ ቁጭ ብለን ግን አዲስ አበባ ተቆልቶ የመጣ ቅልቅል ቡና ልንጠጣ ነው። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት በሚተክልበት አገር፣ ሜኑው ላይ «ሐረር» የምትል አንዲት መስመር ማስገባት ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ።

ከዚራን ከዚራ ያደረጋት የባቡሩ ሰዎች በመስመር የቀየሷት መንገድ፣ በረንዳ ያላቸው ቤቶችና ጥላው ነው። ኒሙ አለ፤ አገሩ ሁሉ «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ቀይ አበባውም አለ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የመንግሥት ሆኑ። አንዳንዱ በቀበሌ፣ አንዳንዱ በኪራይ ቤቶች በኩል ተከራየ። ከዚያ ወዲህ አንድ መንገድ ላይ ሁለት ዓለም አለ። አንዱ ካፌ የመንግሥት ቤት ይዞ አነስተኛ ኪራይ ይከፍላል። ከጎኑ ያለው የግል ቤት ተከራይቶ የገበያውን ይከፍላል። ሻሂው ግን እኩል ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ሰው ቤቱን መልቀቅ ቢፈልግ «ቁልፍ» ይሸጣል፣ ማለትም ገንዘብ ተቀብሎ ኪራዩን ለሌላ ያስተላልፋል፤ ዋጋው ደግሞ ወረቀት ላይ አይገኝም።

ትልቅ ስም ሲመጣ የሚነካው ይህንን ሚዛን ነው። እንዲህ ያለ ቤት ቦታ ሲፈልግ መሀል መንገድ፣ ማዕዘን ላይ፣ ሰፊ ፊት ያለው ነው የሚፈልገው። ለረጅም ጊዜ ይዋዋላል፣ የዓመቱን አስቀድሞ ይከፍላል። አከራዩ ምን በወጣው እምቢ ይላል? ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። የሰፈሩ አከራይ ሁሉ «እነሱ ስንት ገቡ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በአንድ ሳምንት ይዳረሳል። ከዚያ በኋላ ያ ዋጋ የመንገዱ ዋጋ ይሆናል። ሦስት ቤት ወረድ ብሎ ያለው የጁስ ቤት ባለቤት ውሉ ሲያልቅ የሚሰማው ቁጥር ይኸው ነው። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛውን መንገድ አስፍቶ፣ መብራት ተክሎ የቤቱን ፊት ሲያሳምረው ደግሞ ሌላ ጭማሪ።

በምሳሌ እናስላው፤ ቁጥሩ የእኔ ፈጠራ ነው፣ ለማስረዳት ያህል። አንድ ካፌ በወር 30,000 ብር ይከፍል ነበር እንበል። ኪራዩ 60,000 ሆነ። ከአንድ ስኒ የሚተርፈው 10 ብር ከሆነ ጭማሪውን ብቻ ለመሸፈን በወር 3,000 ተጨማሪ ስኒ መሸጥ አለበት። በቀን 100 ስኒ ማለት ነው። ያውም አዲስ ተፎካካሪ በተከፈተበት ወር። ዋጋ ቢጨምር ደንበኛው ይሄዳል፤ ባይጨምር እሱ ይሄዳል።

ባለ ብዙ ቅርንጫፉ ቤት ይህን ይቋቋማል። አንድ ቅርንጫፍ አንድ ዓመት ቢከስር ሌሎቹ ይሸከሙታል። መሀል ከተማ ላይ ያለው ትልቅ ታፔላ ራሱ ማስታወቂያ ነው ብሎ ወጪውን እዚያ ላይ ይጽፈዋል። አንድ ቤት ብቻ ያለው ሰው እንዲህ ዓይነት ዓምድ የለውም። ያለው የሚስቱ ወርቅና የዕቁብ ተራ ነው።

ስለዚህ «ማን ይጎዳል?» ለሚለው ክርክር የእኔ መልስ ብዙዎች ከሚጠብቁት ይለያል። ፉል ቤቱ አይነካም። መጋላ ሰፈር ውስጥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ትኩስ ዳቦ በፉል ከሻሂ በወተት ጋር የሚፈልግ ሰው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከዚራ ኤሲ ቤት አይገባም። ዋጋው ሌላ፣ ሰዓቱ ሌላ፣ ሰፈሩ ሌላ ነው። ቀፊራ ገበያ በር ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰዋም እንዲሁ። ትልቁ ሆቴልም አይነካም፤ አልጋና አዳራሽ አለው። ገመዱ የሚያጥረው መሀል ላይ ላለው ነው። የግል ቤት ተከራይቶ፣ አሥር ወንበር ዘርግቶ፣ ማኪያቶ፣ ጁስና ኬክ የሚሸጠው የከዚራ ልጅ። ደንበኛውም ኪራዩም አብረው የሚነኩበት እሱ ብቻ ነው።

በግብር በኩል አንድ ነገር ለትንሹ ይረዳል፣ አንድ ነገር ደግሞ ይጫነዋል። ትልቁ ቤት በደረሰኝ ይሠራል፤ ሂሳቡ ላይ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል። ተመዝጋቢ ያልሆነው ትንሽ ቤት ይህን አይጨምርም፣ ስለዚህ ዋጋው ዝቅ ይላል። በሌላ በኩል ትልቁ ዱቄት፣ ስኳርና ወተት በጅምላ ይገዛል፤ ትንሹ በኪሎ። የቱ እንደሚያመዝን እንደ ቤቱ ነው።

ሥራውን በአጭሩ። ቅርንጫፉ ወጣት ይቀጥራል፤ ጥሩ ነው። ሕጉን ከተከተለ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ ያስገባሉ፤ ብዙ ትናንሽ ቤቶች ይህን አያደርጉም። ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ስላልወጣ ግን «ትልቅ ስም ነው» ማለት «ትልቅ ደመወዝ ነው» ማለት አይደለም። እኔ የምጠብቀው ጥቅም ሌላ ነው። ማሽን፣ ክምችትና ሂሳብ አያያዝ ተምሮ ከዓመት በኋላ ወጥቶ የራሱን የሚከፍተው ልጅ። እሱም ታዲያ የሚከፍትበት ቤት ካገኘ ነው።

እና ምን ይደረግ? «አይግባ» ማለት አያስኬድም። ነጋዴ በገዛ ገንዘቡ፣ በሕጋዊ ፈቃድ የሚሠራውን ማገድ አይቻልም፤ ለድሬም አያምርባትም። ከንግድ ውጭ ምን አለን? የኪራዩ ጉዳይ ግን ባዶ ሜዳ ላይ ነው ያለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ለውል ዘመኑ ወለል አስቀምጧል፣ የኪራይ ጭማሪውንም ሥርዓት አስይዟል። የሚመለከተው ግን መኖሪያ ቤትን ብቻ ነው። ሱቅና ካፌ የተከራየ ሰው በዚያ አዋጅ ጥላ ሥር አይደለም። ውሉ ሲያልቅ አከራዩ ያለውን መስማት ነው።

ይህን ለመለወጥ የፌዴራል ሕግ መጠበቅ ላያስፈልግ ይችላል። ከዚራ ላይ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ የመንግሥት ናቸው ብለናል። የድሬዳዋ አስተዳደር የራሱ ቻርተር ያለው ከተማ ነው፤ በራሱ ቤቶች ላይ የውል ቃል የሚጽፈው እሱ ነው። የሚለቀቅ የመንግሥት ሱቅ በቁልፍ ሽያጭ ሳይሆን በግልጽ ጨረታ ቢተላለፍ፣ ነባሩ ተከራይ የኪራይ ለውጡን ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት በጽሑፍ ቢያውቅ፣ ተጫራቹ ወጥ ቤቱን ድሬ ውስጥ ካደረገ ነጥብ ቢያገኝ፣ በረንዳውና ደጁ ላይ ያለው ዛፍ እንዳይነካ ውሉ ላይ ቢሰፍር ብዙ ነገር ይቀየራል። የግሉን አከራይ ማስገደድ አይቻልም። ነገር ግን ከጎኑ ያለው የመንግሥት ቤት በስንት እንደተከራየ በግልጽ ከተለጠፈ፣ «እነሱ ስንት ገቡ?» የሚለው ጥያቄ ቢያንስ እውነተኛ ቁጥር ያገኛል። አሁን የሚመለሰው በወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚያጋንነው።

ጨረታው ሲወጣ ሰነዱን ማየት የምፈልገው ለዚህ ነው። ሜኑውን ከተከፈተ በኋላ ሁላችንም እናየዋለን።